የፀሐይ ብርሃንና የፋብሪካ ፍሳሽ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሜ እንድናገር ስጋበዝ የተሰጠኝ ርእስ «የፀሐይን ብርሃን በመጠቀም ከኢንዱስትሪ ፍሳሽ ውስጥ ከባድ ብረቶችን ስለ ማስወገድ» የሚል ነበር። ርእሱን የመረጠልኝ የዝግጅት ኮሚቴው ነው። የመረጠበትንም ምክንያት ለመገመት አያዳግትም። አገራችን ለብዙ ዘመን ራስዋን ለጎብኚዎች ስታስተዋውቅ የኖረችው የዐሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለቤት መሆንዋን በመንገር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ አድርጎ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል፤ የአዲስ አበባዎቹም በአቃቂ ወንዝ አልፎ ወደ አባ ሳሙኤልና ወደ አዋሽ ይወርዳል። በአቃቂ ዳር ጎመኑና ሰላጣው የሚጠጣው ይህንኑ ውሃ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ አብዛኞቻችንም ከዚያው ጎመን ተመግበናል። እንግዲህ ፀሐዩም በነጻ ሲወርድ፣ ፍሳሹም በነጻ ሲወርድ፣ ሁለቱን ማገናኘት እንዴት ያቅታል? የሚለው ጥያቄ ለማንኛውም መሐንዲስ የሚመጣ ነው። ለእኔም መጥቶልኝ ነበር። እንዲያውም ከትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ ያሉትን ጥቂት ዓመታት የገፋሁት በዚሁ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው ንግግር ከፊሉ ማብራሪያ፣ ከፊሉ ደግሞ ኑዛዜ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ስለ ብርሃኑ ከመናገሬ በፊት ስለ ብረቱ ጥቂት ልበል።

ከቄራ የሚወጣ ደም፣ ከጠመቃ ፋብሪካ የሚወጣ አተላ፣ ከመኖሪያ ቤት የሚወጣ እድፍ ሁሉ ጊዜና አየር ካገኘ ረቂቃን ተሕዋስያን ይበሉታል። መጨረሻውም ውሃና አየር ነው። ክሮሚየም፣ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ኒኬልና ባዜቃ ግን ንጥረ ነገሮች ናቸው። አይበሰብሱም፤ አይቃጠሉም፤ የሚበላቸውም የለም። አንድ ኪሎ ክሮሚየም ወደ ፋብሪካ ግቢ ከገባ ያው አንድ ኪሎ ክሮሚየም ወይ በቆዳው ላይ፣ ወይ በውሃው ውስጥ፣ ወይ በዝቃጩ ውስጥ፣ ወይ ከቆዳው ላይ በተፋቀው ብናኝ ውስጥ ሊገኝ ግድ ነው። ስለሆነም «ማስወገድ» የሚለው ቃል፣ ከርእሴ ውስጥ ያለ ቢሆንም፣ እኔን አያስደስተኝም። በብረት ላይ ማድረግ የምንችለው ወይ እንዳይንቀሳቀስ አስሮ ማስቀመጥ፣ ወይ መልሶ ሥራ ላይ ማዋል ነው። ሦስተኛ መንገድ አለ የሚል ሰው ብረቱን ወደ ጎረቤቱ እየላከ መሆኑን አላስተዋለም።

ከእነዚህ ብረቶች መካከል ዛሬ የማነሣው በተለይ ክሮሚየምን ነው። ክሮሚየም በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይታያል። አንደኛው ባለ ስድስቱ ሲሆን በውሃ ውስጥ ቢጫ ወይም ብርቱካን መሰል ቀለም አለው። ውሃው አሲድ ቢሆን አልካላይ ቢሆን ሟሙቶ ይኖራል፤ በኖራ አይዘቅጥም። ቅርጹ ሰልፌትን ስለሚመስል የሕዋሳችንን በር አታሎ ያልፋል። በአቧራና በጭጋግ መልክ ሲተነፈስ የሳንባ ነቀርሳ እንደሚያመጣ በልብጥ ቤቶችና በክሮሜት ፋብሪካዎች ሠራተኞች ላይ ተረጋግጦአል። ሁለተኛው ባለ ሦስቱ ነው። ይህ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ መሰል ነው። ወደ ሕዋስ የሚገባው በብዙ ችግር ሲሆን፣ የውሃው ፒኤች ወደ 8 ወይም ወደ 9 ከፍ ሲል እንደ እርጎ ረግቶ ይዘቅጣል። የዓለም የጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ ሁለቱንም ባንድ ላይ ቆጥሮ በሊትር ከ0.05 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ጉዳታቸው ግን እኩል አይደለም። እንግዲህ ባለ ስድስቱን ወደ ባለ ሦስት መለወጥ ቁም ነገር ያለው ሥራ ነው። ፀሐይም ወደ ጉዳዩ የምትገባው በዚህ በር ነው።

የዚህ ሥራ መሣሪያ አንድ ነጭ ዱቄት ነው። ስሙ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይባላል። ስሙን ያልሰማ ሰው እንኳ ዱቄቱን ያውቀዋል፤ ግድግዳችንን የምንቀባው የነጭ ቀለም ንጣት ከዚሁ የመጣ ነውና። ይህ ዱቄት የሞገድ ርዝመቱ ከ387 ናኖሜትር ያነሰ፣ ማለት ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት፣ ከውስጡ አንድ ኤሌክትሮን ከቦታው ይፈናቀላል። ኤሌክትሮኑ የተነሣበት ቦታም ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሮኑ ከቅጽበት ባነሰ ጊዜ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ይወድቅና የመጣው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ኤሌክትሮኑ ከመመለሱ በፊት በዱቄቱ ገጽ ላይ ባለ ስድስት ክሮሚየም ካገኘ ግን ይሰጠዋል። ሦስት ኤሌክትሮን የተቀበለ ክሮሚየም ባለ ሦስት ሆነ ማለት ነው። ባዶው ጉድጓድም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ከውሃው ውስጥ ያገኘውን ኦርጋኒክ ነገር፣ ለምሳሌ የሎሚ አሲድ ወይም የቀለም ትርፍራፊ፣ ኤሌክትሮኑን ነጥቆ ያቃጥለዋል። አንዱ በካይ የሌላው መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። እኔን በወጣትነቴ የማረከኝ ይህ ነበር። ዛሬም ቢሆን ውበቱን አልክድም።

የነገሩ ታሪክ ከጃፓን ይጀምራል። ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ ብርሃን ያረፈበት የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ኤሌክትሮድ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሊከፍል እንደሚችል አሳዩ። ወዲያውም በ1973 የነዳጅ ዋጋ ስለ ናረ ዓለም ሁሉ ዓይኑን በሃይድሮጅኑ ላይ ጣለ። ፍራንክና ባርድ ግን በ1977 ይኸው ዱቄት በውሃ ውስጥ ያለውን ሳይናይድ ሊያጠፋ እንደሚችል ገለጹ። ዮኔያማና ባልደረቦቻቸውም በ1979 ዳይክሮሜትን በዚሁ ዘዴ ወደ ባለ ሦስት ክሮሚየም መለወጥ እንደሚቻል አሳዩ። በደቡብ ስፔን በአልሜሪያ አቅራቢያ በሚገኘው የፀሐይ ኃይል ምርምር ጣቢያም ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተበከለ ውሃ በመስተዋት ቧንቧና በጎባጣ አንጸባራቂ ሰሌዳዎች ላይ እየተላለፈ ሲሞከር ቆይቶአል። ስለዚህ ነገሩ የሕልም እንጀራ አይደለም።

ሁሉም ብረት ግን እንደ ክሮሚየም እሺ ባይ አይደለም። ብርና ባዜቃ ኤሌክትሮኑን በደስታ ይቀበላሉ። ካድሚየምና ዚንክ ግን ከዚህ ዱቄት የሚወጣው ኤሌክትሮን ጉልበት አይበቃቸውምና እንዳሉ ይቀራሉ። «ፀሐይ ከባድ ብረቶችን ታጸዳለች» ብሎ በጅምላ የሚናገር ጽሑፍ ሲያጋጥማችሁ የትኛውን ብረት? ብላችሁ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።

አሁን ወደ ኑዛዜው ልምጣ።

ጥናቴን የሠራሁት በአንድ ሕንፃ ጣራ ላይ ነበር። ፖታሲየም ዳይክሮሜት በንጹሕ ውሃ በጥብጬ፣ ጥቂት የሎሚ አሲድና ነጩን ዱቄት ጨምሬ፣ በጠርሙስ እያደረግሁ በአዲስ አበባ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አልትራቫዮሌቱ ከቆላው ይልቅ የበረታ ነው። ጧት ቢጫ የነበረው ጠርሙስ ከሰዓት በኋላ ቀለሙን ጥሎ ይጠብቀኛል። ባለ ስድስቱን የሚለየውን መርማሪ ኬሚካል ስጨምርበትም ቀይ ሐምራዊ የነበረው ምላሽ ፈጽሞ ይጠፋል። በሪፖርቴ ላይ «ክሮሚየሙ ተወግዶአል» ብዬ ጻፍሁ። ቃሉን ልብ በሉልኝ፤ «ተለውጦአል» አላልሁም። በመግቢያውም ላይ የአገራችን ቆዳ ፋብሪካዎች ለዚህ ዘዴ የመጀመሪያ ተጠቃሚዎች መሆን እንደሚገባቸው አሳሰብሁ። ይህንን ያልሁት ከራሴ አመንጭቼ አልነበረም። ያነበብኋቸው የውጭ አገር ጽሑፎች አብዛኞቹ በመግቢያቸው ላይ ባለ ስድስት ክሮሚየም ከሚመጣባቸው ሥራዎች መካከል ቆዳ ማልፋትን ይጠቅሱ ነበርና ከእነርሱ ገለበጥሁ።

ሪፖርቱን ያየ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ጠራኝ። የፋብሪካው ኃላፊዎች ቅን ሰዎች ነበሩ፤ ገንዘብም መደቡ። በግቢው ጀርባ በሲሚንቶ የተሠራ ረጅምና ጥልቀቱ ከአንድ ክንድ ያነሰ ገንዳ ተገነባ። በጎንና በጎኑም የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ቆመ። በምረቃው ቀን ጠርሙሶቼን ይዤ ሄድሁና ጧት ቢጫውን አሳየሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቀለም የለሹን አሳየሁ። ተጨበጨበልኝ። ከዚህ በኋላ ነው የማልፊያው ክፍል ሹም የነበሩ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ በዚያው ሥራ ያሳለፉ ሽማግሌ ቀረብ ብለው የጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ቢጫው መጥፋቱን አየሁ። ክሮሙ ወዴት ሄደ?»

«ወደ ሌላ ዓይነት ተለወጠ፣ ጋሼ።»

«ወደ ምን ዓይነት?»

«ወደ አረንጓዴው።»

እሳቸውም ምንም ሳይሉ ወደ ማልፊያው ክፍል ገቡና ከበርሜሉ ሥር አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድተው መጡ። ውሃው አረንጓዴ ሰማያዊ ነበር። «ታዲያ የእኛውማ ከመጀመሪያውም አረንጓዴ ነው» አሉኝ። አልሳቁብኝም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌው የተናገሩት ትክክል ነው። ቆዳ የሚለፋበት ጨው ክሮሚየም ሰልፌት ሲሆን ባለ ሦስት ክሮሚየም ነው። በተለመደው አሠራር ከሚጨመረው ክሮሚየም ቆዳው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል። ቀሪው ከውሃው ጋር ይወጣል፤ ሲወጣም ባለ ሦስት እንደ ሆነ ነው። የእኔ ፀሐይ ልትሠራው የምትችለው ሥራ ፋብሪካው በር ላይ ከመድረሱ በፊት አልቆ ነበር። በዚያው ሳምንት የራሴን ጠርሙሶች ውሃ ወስጄ ጠቅላላ ክሮሚየሙን በአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ አስለካሁ። በአሲዱ ውሃ ውስጥ ያስገባሁት ክሮሚየም እንዳለ እዚያው ነበር። ቀለሙ ስለ ጠፋ ብረቱ የጠፋ መስሎኝ ኖሮአል። ይህንን ልኬት መጀመሪያ ማድረግ ይገባኝ ነበር፤ ዋጋውም ከገንዳው ሲሚንቶ ጋር ሲወዳደር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ታዲያ የብርሃኑ ዘዴ ትክክለኛ ቦታው የት ነው? ባለ ስድስት ክሮሚየም በእርግጥ የሚገኘው ብረት በኤሌክትሪክ ኃይል በክሮም በሚለበጥባቸው ቤቶች ነው። ዕቃው ከልብጡ ገንዳ ወጥቶ የሚታጠብበት ውሃ ቢጫ ነው። እስቲ በዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ፤ ይህንን ሒሳብ ከማንኛውም የላቦራቶሪ ውጤት አስቀድሜ ብሠራው ኖሮ ብዙ ድካም በተረፈኝ።

አንድ ልብጥ ቤት በቀን 10 ሜትር ኪዩብ የእጥበት ውሃ ያወጣል፤ በሊትርም 50 ሚሊግራም ባለ ስድስት ክሮሚየም አለበት እንበል። በቀን ግማሽ ኪሎ ክሮሚየም መለወጥ አለብን ማለት ነው። በቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከሚያርፈው 1,000 ዋት ገደማ ኃይል ውስጥ ዱቄታችን ሊጠቀምበት የሚችለው አልትራቫዮሌት ወደ 40 ዋት ቢሆን ነው፤ ቀሪው ብርሃን ያለ ሥራ ያልፋል። በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ብናገኝ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፉት የብርሃን ቅንጣቶች ሁለት ሞል ያህል ይሆናሉ። ከመቶው ቅንጣት አምስቱ ብቻ ኤሌክትሮናቸውን ለክሮሚየም አደረሱ ብንል፣ ለአንድ ክሮሚየም ሦስት ኤሌክትሮን ስለሚያስፈልግ፣ አንድ ካሬ ሜትር በቀን ሁለት ግራም እንኳ የማይሞላ ክሮሚየም ይለውጣል። ለግማሽ ኪሎው 270 ካሬ ሜትር ገደማ አንጸባራቂ ሰሌዳ ልንዘረጋ ነው። ከመቶው አንዱ ብቻ ቢሳካ ደግሞ ከ1,300 ካሬ ሜትር በላይ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሰኔንና የሐምሌን ደመና ሳንቆጥር ነው።

አሁን በሌላው ጎን ያለውን እንመልከት። ልብጥ ቤቶች ከድሮ ጀምሮ የሚጠቀሙበት ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት የሚባል ነጭ ጨው አለ። ለአንድ ግራም ባለ ስድስት ክሮሚየም በሒሳቡ ሦስት ግራም እንኳ የማይሞላ ጨው ይበቃል። ለግማሽ ኪሎው ወደ 1.4 ኪሎግራም ማለት ነው፤ በተግባር ትንሽ ይጨመርበታል። ሥራውንም በደቂቃዎች ውስጥ፣ በክረምትም በሌሊትም ያከናውናል። አሲዱ ለሁለቱም ዘዴዎች ያስፈልጋል። ኋላ የሚጨመረው ኖራና የሚዘቅጠው ዝቃጭም በሁለቱም አለ። እንግዲህ ፀሐይ የምታድንልን በቀን አንድ ኪሎ ተኩል ጨው ብቻ ነው። ለዚህም የቴኒስ ሜዳ የሚያክል ቦታ፣ የመስተዋት ቧንቧ፣ ፓምፕና ከውሃው ተጣርቶ መመለስ ያለበት ደቃቅ ዱቄት ልናዘጋጅ ነው። የውጭ ምንዛሪ ችግራችንን አንሥቶ የሚከራከረኝ ባልደረባ ይኖራል። ግን መስተዋቱና ዱቄቱም ከውጭ የሚመጡ ናቸው።

ይህንን ስል ዘዴው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ጨውና ኖራ የማይደርሱበት አንድ ቦታ አለ። በአንዳንድ የልብጥና የእጥበት ውሃዎች ውስጥ ብረቱ ኢዲቲኤ ከሚባለው ኬሚካል ወይም ከሳይናይድ ጋር ተቆራኝቶ ይገኛል። እንዲህ የተቆራኘ ብረት ኖራ ቢጨመርበት አይዘቅጥም፤ አቃፊው አይለቀውምና። ብርሃንና ዱቄቱ ግን አቃፊውን ራሱን ያፈርሱታል፤ ብረቱም ነጻ ሲወጣ በተለመደው መንገድ ይዘቅጣል። ፀሐይን ለማሠራት ገንዘብ የሚመድብ ካለ እኔ የማመለክተው ወደዚህ ነው። (የሳይናይድ ውሃ ከክሮሚየሙ የአሲድ ውሃ ጋር በአንድ ቦይ እንዳይገናኝ ይጠንቀቁ! የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ሁለቱን ፍሳሾች ያገናኘ ንድፍ በዓይኔ አይቻለሁና ነው ከመንገዴ ወጥቼ የምናገረው።)

ሌላም ርካሽ ዘዴ አለ። ነጩን ዱቄት ትቶ ብረትን፣ ማለት ተራውን የዝገት ብረት፣ ከሎሚ አሲድ ጋር ማዋሐድ ነው። ይህ ውሕድ ከአልትራቫዮሌቱ አልፎ ዓይናችን ከሚያየው ብርሃንም የተወሰነውን ስለሚውጥ ከፀሐይ የሚያገኘው ድርሻ ይበልጣል። ብርሃን ሲያርፍበት የሚፈጠረው ባለ ሁለት ብረት ባለ ስድስቱን ክሮሚየም ወዲያው ይለውጠዋል። የዚህ ዘዴ የቅርብ ዘመድ በባንግላዴሽ ተሞክሮአል። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች አርሴኒክ ያለበትን የጉድጓድ ውሃ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጠብ እያደረጉ በፕላስቲክ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ አሰጡት። በውሃው ውስጥ በተፈጥሮ የነበረው ብረትም አርሴኒኩን ይዞ ዘቀጠ። ውጤቱ ከግማሽ በላይ የሆነውን አርሴኒክ የቀነሰ ቢሆንም ሁሉንም አላወጣውም። ያም የጉድጓድ ውሃ እንጂ የፋብሪካ ፍሳሽ አልነበረም። ያነሣሁት ግን ሎሚና ዝገት በአገራችን የማይጠፉ ነገሮች ስለሆኑ ነው።

ወደ ቆዳ ፋብሪካው ልመለስ። በዚያ የሚያስፈልገው ሥራ ከእኔ ጣራ ላይ ካለው እጅግ ያነሰ ጥበብ የሚጠይቅ ነው። የማልፊያው ውሃ ከሌላው ፍሳሽ ተለይቶ በራሱ ቦይ ይሂድ። ማግኒዚየም ኦክሳይድ ይጨመርበት፤ ይህ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ስለሆነ ፒኤቹን ከልክ በላይ አያወጣም፤ የሚዘቅጠውም ጠጠር ያለ ነው። ሲያድር ከላይ የጠራው ውሃ ይለይ። ከታች የቀረው በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ከአዲሱ ጨው ጋር ተደባልቆ ወደ ማልፊያው በርሜል ይመለስ። ፋብሪካው በውጭ ምንዛሪ የገዛውን ክሮሚየም ሲሶውን ወደ ወንዝ ይደፋ ነበርና ይህ ለገንዘብ ያዡም ደስ የሚያሰኝ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ኬሚስትሪው አይደለም፤ ቦዮቹን መለየት ነው። በአሮጌ ፋብሪካዎች ጸጉር ከሚረግፍበት ክፍል የሚመጣው የሰልፋይድ ውሃና ከማልፊያው የሚመጣው የአሲድ ውሃ በአንድ ጉድጓድ ይገናኛሉ። በዚያ የሚሸተው የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ የሚያስነጥስ ብቻ ሳይሆን የሚገድል ነው። ወለል ሰብሮ አዲስ ቦይ ማውጣትን ደግሞ ማንም ሥራ አስኪያጅ አይወድም። የሚያብለጨልጭ ሰሌዳ ማቆም ይቀላል፤ ለጎብኚም ያምራል።

ፀሐይ በቆዳ ፋብሪካ ግቢ ምንም ድርሻ የላትም ማለት ግን አይደለም። ዝቃጩን ታደርቃለች፤ ይህም ትልቅ አገልግሎት ነው። አደጋው የሚጀምረው ከደረቀ በኋላ ነው። የደረቀው ዝቃጭና ከቆዳው ላይ የተፋቀው ብናኝ ተከምሮ እሳት ሲለኮስበት፣ በተለይም ኖራ ካለበት፣ ባለ ሦስቱ ክሮሚየም በሙቀቱ ወደ ባለ ስድስት ይመለሳል። ዝናብ ሲመጣ ከአመዱ ሥር ቢጫ ውሃ ይወጣል። በጣራ ላይ ለወራት ስታገለው የነበረው ያ ቢጫ፣ ከቆዳ ፋብሪካ ጋር ያለው እውነተኛ ግንኙነት ይህ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ያመጣውም ማልፊያው አልነበረም፤ ክብሪት ነው። ስለዚህ በዚህ ግቢ ውስጥ ባለ ስድስቱን ለመከላከል ከማንኛውም የብርሃን መሣሪያ ይልቅ የቆሻሻ ማቃጠያውን ቦታ መዝጋት ይቀድማል።

በመጨረሻ ለማኅበራችን ሁለት ነገር አመለክታለሁ። የመጀመሪያው የራሴን ሪፖርት የሚመለከት ነው። ያ ጽሑፍ «ክሮሚየሙ ተወግዶአል» ከሚለው ቃሉ ጋር ዛሬም እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ለሌሎች ፋብሪካዎች በቀረቡ የሥራ ሐሳቦች ውስጥ ተጠቅሶ ሁለት ጊዜ አግኝቼዋለሁ። በአንደኛውም ላይ ስሜ ከምስጋና ጋር ሰፍሮአል። ማኅበሩ በዚህ መጽሔት ላይ እርማቴን እንዲያትምልኝ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ካለው ቅጅ ላይም ወረቀት እንዲያጣብቅበት እጠይቃለሁ። የወረቀቱን ጽሑፍ አዘጋጅቼ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ፤ ሦስት መስመር ብቻ ነው።

ሁለተኛው የአባሎቻችንን የዕለት ተዕለት ሥራ የሚመለከት ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ወዲህ የፍሳሽ ምርመራ ውጤት ላይ የምንፈርመው ብዙዎች ነን። ክሮሚየምን በተመለከተ ባለ ስድስቱና ጠቅላላው፣ ከመግቢያና ከመውጫ፣ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ካልተጻፉ አንፈርም ብንል ምን ይመስላችኋል? ዝቃጩም የት እንደ ደረሰ በዚያው ገጽ ላይ አንድ መስመር ይሰጠው። ለዚህ የሚሆን ቅጽ አርቅቄ ለሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ አቅርቤአለሁ። ለልብጥ ቤትም ለቆዳ ፋብሪካም ያገለግላል። እርማት የሚያስፈልገው ከሆነ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው የቡድን ውይይት ብንነጋገርበት እወዳለሁ።

ስለ ገንዳው የጠየቁኝ አሉ። ፋብሪካው ውስጥ አሁንም አለ። የአሉሚኒየሙ ሰሌዳ ለጣራ ጥገና ተወስዶአል። ገንዳው ግን በሽማግሌው ሹም ሐሳብ ለሁለት ተከፍሎ፣ በአንዱ ወገን የማልፊያው ውሃ ያድርበታል፤ በሌላው ወገን ማግኒዚየሙ ይበጠበጥበታል።